ለእንግዳ የተለቀለቀ ምድጃ

የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ሆኜ የተመረጥኩት በዕውቀቴ አይደለም። ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። የተመረጥኩት በፍርሃቴ ነው።

ስብሰባው አንኮበር፣ ጎረቤላ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ሣሩ ላይ ነበር። ሊቀመንበር ተመረጠች፣ ጸሐፊ ተመረጠች። ገንዘብ ያዥ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ሰው ሣር መንጨት ጀመረ። ያኔ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ብድግ አለች። ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ናት።

«እቺ ትሁን» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። «በሯን ቆልፋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ቆልፌው ይሆን ብላ የምትመለስ ሴት ናት። ልጇ ካስነጠሰ ጤና ጣቢያ ናት። የሰው ገንዘብ ብትይዝ እንቅልፍ አይወስዳትም። እንቅልፍ የሌለው ዘበኛ ደግሞ ከየት ይገኛል?»

ሴቱ ሁሉ እየሳቀ እጁን አወጣ። «ኧረ አይሆንም፣ እኔ ልጆች አሉኝ» ብል «እኛስ ምን አለን፣ ጥጃ?» አለችኝ ጎረቤቴ። በዚያው ጸደቀ።

ማኅበራችን የሚሠራው ምድጃ ነው። ሸክላ አፈርና ጭድ እናቦካለን፣ በብረት ቅርጽ እናወጣለን፣ አድርቀን ለየቤቱ እናድላለን። ምድጃው እሳቱን በሆዱ አፍኖ ስለሚይዝ በጉልቻ ላይ ሸክም እንጨት የሚፈጀው ወጥ በእቅፍ ጭራሮ ይበስላል። ጭሱም እንደ ድሮው ቤቱን አይሞላም። የመጨረሻዋ ልጄ ደረቷ ደካማ ነው። ድሮ ራት ስሠራ እሷን ከደጅ አስቀምጬ በአንድ ዓይኔ ድስቱን፣ በአንድ ዓይኔ እሷን ነበር የማየው፤ ውስጥ ካስገባኋት ጭሱ፣ ደጅ ከተውኳት ብርዱ። ምድጃው ከገባ በኋላ ሳሉ ቀነሰላት። ስላደገች ይሁን በምድጃው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሁን ግን ራት ሲሠራ አጠገቤ ትቀመጣለች።

የገንዘቡን ነገር ያስረዳን የወረዳው ባለሙያ ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ስብሰባ ላይ እኛ ሣር ላይ ከተቀመጥን እሱም ሣር ላይ ነው።

«እንጨት ሲቀንስ ጭስ ይቀንሳል» አለን። «የሚቆረጠው ዛፍም ይተርፋል። በሩቅ አገር ፋብሪካቸው ብዙ ጭስ የሚያወጣ ሰዎች አሉ። እነሱ እናንተ ስላላወጣችሁት ጭስ ይከፍላሉ። መጀመሪያ ለሥራ ማስጀመሪያ ትንሽ ይሰጣሉ። የቀረው የሚመጣው ሰው በምድጃው እውነት እንደሚያበስልበት ሲረጋገጥ ነው።»

ማታ ለልጆቼ አባት ስነግረው ማንኪያውን አስቀምጦ ሳቀ።

«ገብስ ሸጠናል፣ በግ ሸጠናል። ያልወጣ ጭስ ሲሸጥ ግን ገና አሁን መስማቴ ነው። ለመሆኑ በምን ትሰፍሩታላችሁ፣ በቁና?»

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። በግ ሲሸጥ ገዢው ገመዱን ይዞ ይሄዳል። ያልወጣ ጭስ ምኑ ይያዛል? አንድ ቀን ሰው መጥቶ «የከፈልንበትን አሳዪኝ» ቢለኝ ምን አሳየዋለሁ? ገንዘብ ያዥዋ እኔ ነኝ፤ የሚጠየቀውም የእኔ አንገት ነው።

ሌላው ጭንቄ ጉሙ ነበር። አንኮበርን የሚያውቅ ጉሟን ያውቃል። ጠዋት ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ይወጣና ቤት፣ ዛፍ፣ ሰው ሳይል ይውጣል። ትኩስ የወጣ ምድጃ በዚያ ጉም አይደርቅም፤ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ማድረቂያ መጠለያ አልነበረንም። ስለዚህ ምድጃዎቹ የሚደርቁት እኔ ቤት ነበር። ሌሎቹ «እኛም ዘንድ ይቀመጥ» ሳይሉ ቀርተው አይደለም። ሰው ቤት ከብት ይረግጠዋል፣ ልጅ ይገፋዋል ብዬ እምቢ ያልኩት ራሴ ነኝ።

ክረምቱን በሙሉ ቤቴ ምድጃ ብቻ ሆነ። ከአልጋ ሥር ምድጃ፣ ከጎታው ጀርባ ምድጃ፣ ልጆቹ የሚያጠኑት ምድጃ ላይ ደብተር ዘርግተው። የልጆቼ አባት ጫማው በጠፋ ቁጥር አንዱ ምድጃ ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። «ወይ እኔ ልውጣ ወይ እነሱ ይውጡ» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «ተይው፣ እነሱ እንኳ ይሞቃሉ» ብሎ ይተኛል። የሚቀጥለው ገንዘብ ሲመጣ የታሰበለት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያ። ገንዘቡ ከመጣ ምድጃዎቹ ከቤቴ ይወጣሉ፣ ሥራውም ይቀጥላል። ካልመጣ ማኅበሩ እዚያው እቤቴ ውስጥ ይፈርሳል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባለሙያው ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። በዕጣ የወጡ ቤቶች ገብታ ምድጃ ታያለች። የማን ቤት እንደሚወጣ እኔም አላውቅም። ሰው እየሠራበት መሆኑን ካየች ገንዘቡ ይለቀቃል።»

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰበሰብኳቸውና ነገርኳቸው። «እንግዳ ልትመጣልን ነው። ምድጃችንን ልታይ ነው» አልኳቸው። ከዚህ ሌላ ያልኩት የለም። ሌላ ማለት የሚያስፈልግም አልመሰለኝም።

እኛ ዘንድ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ነገሩ አለቀ። ከማግስቱ ጀምሮ ሴቱ ሁሉ በእንስራም በባልዲም ነጭ አፈር ከወንዝ ሲያመላልስ አየሁ። ግድግዳ ተለቀለቀ፣ ወለል በእበት ተመረገ፣ ቄጠማ ታጨደ። እንዴት ደስ አለኝ! እኔም የራሴን ምድጃ ጥላሸቱን በቢላ ፍቄ፣ በነጭ አፈር ቀባሁት። ከሙሽራ ፊት ይበልጥ ነጣ። ተቆጣጣሪዋ በመጣችበት ቀን እንደ ልማዴ ጭንቀት ይዞኝ ነበር፤ ግን የኩራት ጭንቀት ነበር።

መኪናዋ ጉሙን ሰንጥቃ መጣች። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ናት፣ ስስ ሹራብ ለብሳ እጆቿን በብብቷ ደብቃለች። ባለሙያው ከእኔ ጋር አስተዋወቃት። በእጇ የያዘችውን ታብሌት ነካክታ የመጀመሪያውን ቤት አወጣች፤ የጎረቤቴ ቤት ሆነ። በልቤ ተመስገን አልኩ። ከእሷ ቤት የበለጠ የተሰናዳ ቤት አልነበረም።

ጎረቤቴ በነጭ ቀሚስ በራፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ቤቱ ያበራል። ምድጃው ከመካከል ቆሟል፤ አመድ የለ፣ ጥላሸት የለ፣ እሳት መግቢያው አፍ ላይ ቄጠማ ተሰክቶበታል። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ አለችና እጇን ወደ ውስጥ አስገባች። ስታወጣው ጣቷ ላይ ነጭ አፈር ነበር።

«እዚህ ላይ መቼ ነው ያበሰሉት?» አለቻት።

«ኧረ የኔ እመቤት!» አለች ጎረቤቴ ደረቷን ነፍታ። «አንቺ ልትመጪ መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ እሳት አላስጠጋሁትም!»

«ታዲያ ምግብ የት ነው የሚሠሩት?»

«ነይ ላሳይሽ» ብላ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። ከጓሮ ሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ተጥዶ፣ እርጥቡ እንጨት ጭሱን ያትጎለጉለዋል። ጎረቤቴ ጭሱን በነጠላዋ እያራገበች «እዚህ ነዋ! እሱንማ ላቆሽሸው ነው?» አለች።

ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

ሁለተኛው ቤት ምድጃው በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ጠበቀን። ሦስተኛው የቄሱ ቤት ነበር፤ ባለቤታቸው ምድጃውን ከወለል አንሥተው መደቡ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕል ሥር አስቀምጠውታል። «ይሄ እኮ የተከበረ ነገር ነው» አሉ በትሕትና። ተቆጣጣሪዋ ታብሌቷ ላይ ጻፈች፣ እንደገና ጻፈች። እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ ግን የሚጻፈውን ለማየት አንገቴን ማስገግ ፈራሁ።

ከቄሱ ቤት ስንወጣ ወደ ጎን ሳበችኝ።

«እትዬ፣ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ ያልተነካ ምድጃና የሚጨስ ጉልቻ ነው።»

«ለእርስዎ ክብር እኮ ነው» አልኳት። «በእግዜር፣ ለእርስዎ ብለው ነው ያጠቡት። በሌላ ጊዜ እንዲህ ንጹሕ አይደሉም።»

የመጨረሻውን ስናገር ምን እንዳልኩ ገባኝ። እሷም ልትስቅ ነበር፣ ያዝ አደረገችው።

«ገብቶኛል» አለች። «ግን ክብር የሚሞላበት ቦታ የለኝም። ‹ይሠራል› ወይም ‹አይሠራም› ነው ያለኝ።»

ምድጃዎቹ ከቤቴ ሳይወጡ እንደሚቀሩ ያኔ ታየኝ። ልጆቼ ከነትዳራቸው ምድጃ መሐል ሲኖሩ ታየኝ።

ያዳነን ዝናቡ ነው። ከሰዓት በኋላ እንደ ጉድ ወረደ። ሹፌሩ መኪናዋን ሊያዞር ሲል ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤ ስንገፋት ከወገባችን በላይ ጭቃ ሆንን እንጂ ንቅንቅ አላለችም። «ጠዋት በትራክተር ነው እንጂ» አለ ሹፌሩ። እሱና ባለሙያው ከቄሱ ቤት አደሩ። ተቆጣጣሪዋን እኔ ወሰድኳት።

ቤት እንደገባች ጉልበቷን ምድጃ መታት። ዞር ስትል ሌላው መታት። ሻማ ሲበራ ዙሪያዋን አይታ «ይሄ ሁሉ እዚህ ነው የሚደርቀው?» አለች።

«እኛም አብረን እየደረቅን ነው» አለ የልጆቼ አባት ወንበር እያቀረበላት። «አንቺ ነሽ ያልወጣውን ጭስ ልትመዝኚ የመጣሽው? ታዲያ ሚዛኑን መኪናው ውስጥ ረሳሽው?»

ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። እኔ ግን ምን ልሥራላት? ርቧታል፣ ጥርሷ በብርድ ይንገጫገጫል። ሽሮ መሥራት ነበረብኝ፤ ጓሮ ደግሞ ዝናብ ነው። ያን እንደ ሙሽራ ያሽሞነሞንኩትን ምድጃ አየሁት፣ እሷን አየኋት፣ ጭራሮ ሰብሬ አቀጣጠልኩ። ነጩ አፈር በሙቀቱ ተሰነጣጥቆ ረገፈ፣ አፉም ወዲያው ጠቆረ። ልቤ እርር አለ። እሷ ወንበሯን አስጠግታ እጇን እያሞቀች ስታይ ነበር። ልጄም ከጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

«እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ለማየት የለፋሁት ይሄን ነው።»

ከበላን በኋላ እንዲህ አለች። «ነገ ጠዋት መኪናው ከመውጣቱ በፊት ዳግመኛ ቤቶቹን ማየት እችላለሁ፤ ደንቡም ይፈቅድልኛል። አዲስ ዕጣም አወጣለሁ። ግን አስቀድሞ ለማንም እንዳይነገር።»

«ለማንም» ስትል የምታየው እኔን ነበር።

ያን ጊዜ የያዘኝን ጭንቀት ልጅ ስወልድም አላየሁትም። ብናገር መጥረጊያው ሁሉ እንደገና ይነሣል። ዝም ብል ደግሞ ምን እንደምናገኝ በምን አውቃለሁ? እውነት ሁሉም ያበስሉበታል? እኔ ብዬአለሁ እንጂ በየቤቱ ገብቼ ድስት ከፍቼ አላየሁም። ዕቃ ላጥብ ወደ በራፍ ስወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ትጠብቀኛለች።

«ገንዘብ ያዧ! እንግዳዋ ምን አለች? ወደደችው?»

«በልታለች። ደህና ናት።»

«የኔን ምድጃ ማለቴ ነው እንጂ። ነገስ ትመጣለች? ትንሽ ነጭ አፈር ተርፎኛል፣ አንዴ ላድርግበት?»

«ኧረ ተይው!» አልኩ፤ ጮህኩ መሰለኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ደክሞሻል ብዬ ነው። አረፍ በይ። ልጆችሽን ትኩስ ነገር አብያቸው። ብርድ ነው።»

«ውይ፣ እውነትሽን ነው። እንግዳ እንግዳ ስንል ልጆቹን በበቆሎ እሸት አከረምናቸው» ብላ ወረደች። እኔ በእርጥብ እጄ አፌን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ጠዋት ጉሙ በር ከፍተን ስንወጣ ፊታችን ላይ ነበር። ባለሙያው እኛን ለማግኘት ድምፃችንን ተከትሎ መጣ። ተቆጣጣሪዋ ዕጣዋን አወጣች። የትናንት ቤቶች ዳግመኛ፣ አዲሶችም ተጨመሩ። መጀመሪያ ጎረቤቴ ዘንድ ገባን። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ልጆች ይጮኻሉ።

ጎረቤቴ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሳ፣ ጸጉሯ ተንጨፍሮ፣ ማማሰያ ይዛ ምድጃው ላይ አጎንብሳለች። ቂንጬው ይንተከተካል። የትናንቱ ነጭ ምድጃ ግማሽ ጎኑ ከሰል መስሏል፤ ገንፍሎ የፈሰሰው ውኃ ከላይ እስከ ታች መስመር አውጥቶበታል። ቄጠማው ተቃጥሎ ቁራጩ ቀርቷል። ቀና ብላ አየችን።

«ውይ እኔን! ውይ ጉዴ! በዚህ መልኬ!»

ብላ ነጠላዋን ገፍፋ ምድጃው ላይ ልትጥል ስትል እኔም ልጇም እኩል ዘለልን። «እሳት ነው!» ብዬ በአንድ ጫፍ ጎተትኩ፣ እሷ በሌላው ጎተተች፣ ማማሰያው ወደቀ። ተቆጣጣሪዋ እየሳቀች ታብሌቷን አነሣችና ፎቶ አነሣችን።

«አታንሺው! በእመቤቴ አታንሺው!» አለች ጎረቤቴ። «ትናንት እንደ ሙሽራ አጊጦ ሲጠብቅሽ ቀና ብለሽ ሳታይው፣ ዛሬ ፊቱን ሳይታጠብ!»

«ዛሬ ነው ያማረበት» አለቻት። እጇን አስጠጋች፣ ጭራሮውን አየች፣ ጻፈች። ቂንጬም ቀመሰች።

የቄሱ ባለቤት ምድጃቸውን ከመደቡ አውርደው ለሹፌሩና ለቄሱ ውኃ ያሞቁበታል። ጥልፍ የለበሰውም ጥልፉ ተገፎ፣ ሽሮ ገንፍሎበት አገኘነው። በየቤቱ በገባን ቁጥር ሴቶቹ «ውይ!» እያሉ ሲደብቁ፣ የእኔ ፊት እያበራ ሄደ። በቆሸሸ ቤት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የመጨረሻው ቤት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ቤት ነው። ገና ከበሩ ነገሩን አየሁት። ምድጃው ውስጥ ጭድ ተነጥፎ ቀይ ዶሮ ታቅፋበታለች። ከተቆጣጣሪዋ በፊት ስለነበርኩ ቀሚሴን ዘርግቼ ፊቱ ላይ መቆም እችል ነበር። ገንዘቡ፣ ቆርቆሮው፣ ከአልጋዬ ሥር ያሉት ምድጃዎች አንድ ላይ መጡብኝ። ግን ዶሮ እንዴት ይደበቃል? ቢደበቅስ ከዚያ በኋላ በምን ልተኛ ነው? ዞር አልኩላት።

አሮጊቷ አልፈሩም። «እኔ ልጄ ቤት ነው የምበላው፣ የኔ ልጅ። እሷ ደግሞ ሙቀት ወደደች። ጫጩቶቹ ሲወጡ እለቅላችኋለሁ» አሉ። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ ዶሮዋን አየቻት፤ ዶሮዋ ልትነቁራት ቃጣች። ይሄንንም ጻፈች።

በመንገድ ላይ «ዶሮዋ አበላሸችብን?» አልኳት።

«የለም» አለች። «ሁሉም ቤት ልክ ቢሆን ኖሮ ነበር የምጠራጠረው። እኔ ዘንድ ዶሮዋ ‹አይሠራም› ተብላ ትገባለች፣ ሌሎቹ ‹ይሠራል›።»

ትራክተሩ መኪናዋን ጎትቶ አወጣ። ስትሄድ ሹራቧ ስስ ነው ብዬ ከደብረ ብርሃን የገዛሁትን የሱፍ ብርድ ልብስ በትከሻዋ ላይ ላደርግላት ብል «እንዲህ ያለ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው» ብላ መለሰችልኝ። እስከ ደብረ ብርሃን ብርድ ይመታታል ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

ከመስቀል በኋላ ባለሙያው ደወለ፤ ገንዘቡ ተለቀቀ። ቆርቆሮው መጣ፣ ምሰሶው ቆመ፣ ሴቶቹ በእልልታ ምድጃዎቹን ከቤቴ አወጡ። የመጨረሻው ከወጣ በኋላ የልጆቼ አባት ቤቱ መሐል ቆሞ ዙሪያውን አየ።

«እንዴ፣ ቤት አለን ለካ!» አለ። ማታ ደግሞ ጫማውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው።

እኔም አንቀላፍቼ ነቃሁ። የመጠለያውን በር ቆልፌው ይሆን?

ፎቶው አሁን ወረዳው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጎረቤቴ የተቀደደ ሹራቧን ለብሳ፣ አፏን ከፍታ፣ እኔ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ስንጓተት ነው። እሷ ይህን ያየችው ከእኔ ጋር ለማኅበሩ ጉዳይ ስንሄድ ነው። ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ሴትዮ። ጠዋት እንደምትመጣ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«ለዚህ ነው ‹ተይው› ብለሽ የጮህሽብኝ።»

«አዎ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። እሷ ግን ፎቶውን እንደገና አየች፣ በጣቷ ጥቁሩን ምድጃ ነካ አደረገችው።

«እንቅልፍ ብቻ መስሎኝ ነበር የሌለሽ» አለች። «ለካ ወሬም ከአፍሽ አያመልጥም። ይሁና። ግን በሚመጣው ዓመት ስትመጣ፣ ቢያንስ ለኔ ለብቻዬ ትነግሪኛለሽ።»

«ምድጃውን እንድትለቀልቂው?»

«ምድጃውንማ ለምን? ሹራቤን እንድቀይር ነዋ!»